የመጀመሪያውን የባሕር ውስጥ ዘጋቢ ፊልም እንዴት መሥራት ይቻላል?

የባሕር ውስጥ ፊልም ለመሥራት የሚጓጓ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ካሜራ ነው። የትኛው ይሻላል? ስንት ሜትር ድረስ ይወርዳል? እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት ሌላ ጥያቄ አቀርባለሁ፤ ውኃ ውስጥ ሆናችሁ፣ እጅና እግራችሁን ሳታወናጭፉ፣ ሳትሰምጡና ወደ ላይ ሳትንሳፈፉ ለሁለት ደቂቃ ባላችሁበት መቆየት ትችላላችሁ? ይህን የሚችል ሰው በተራ ካሜራም ቢሆን ዓሣውን ከነኑሮው ይዞ ይወጣል። ይህን የማይችል ሰው የቱንም ያህል ውድ ካሜራ ቢይዝ የሚያመጣው የሸሸ ዓሣ ጅራትና የደፈረሰ ውኃ ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚነሣው ከትንፋሽ ነው። የተጻፈውም ለጀማሪ ነው፤ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ የሚረዝም፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚቀረጽ፣ አንድ ታሪክ ብቻ ያለው ፊልም ለመሥራት ለሚነሣ ሰው።

1. መጥለቅን ያለ ካሜራ ተማሩ

መጀመሪያ ፈቃድ ባለው አሠልጣኝ ሥር ሠልጥኑ። የመጀመሪያው የሥልጠና ደረጃ በተለመደው ሥርዓት እስከ 18 ሜትር ያወርዳል፤ ለመዝናኛ የሚደረግ ጠለቃ የመጨረሻ ወሰኑ 40 ሜትር ነው። ለእኛ ፊልም 10 ሜትር ከበቂ በላይ ነው። ብርሃኑም፣ ቀለሙም፣ ኮራል የተባለው ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ቋጥኝ ግርግርም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ውኃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ የአንድ አትሞስፌር፣ ማለትም በባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር እኩል የሆነ፣ ግፊት ይጨመራል። በ10 ሜትር ጥልቀት ከሲሊንደር የተሳበ አየር ወደ ላይኛው የውኃ ገጽ ሲደርስ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ የሚወጣ ጠላቂ ሳንባው ሊቀደድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ትንፋሽ ያለመያዝን ሕግ ለመጣስ ከማንም በላይ የሚፈተነው ደግሞ ፊልም ቀራጭ ነው፤ አረፋው ዓሣውን እንዳያስበረግግ፣ ካሜራውም እንዳይነቃነቅ ትንፋሹን ሊይዝ ይከጅላል። አትያዙ። ቀረጻው ይበላሽ እንጂ ትንፋሽ አይያዝም። ስትወጡም በደቂቃ ከ9 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ውጡ፤ 5 ሜትር ላይ ስትደርሱ ለሦስት ደቂቃ ቆዩ። አብሯችሁ የሚጠልቀው ሰው ካሜራ ባይይዝ ይመረጣል። በካሜራ መስኮት ውስጥ የገባ ዓይን የአየር መለኪያውን ይረሳልና የሌላ ሰው ዓይን ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ የመቆም ልምምድ ይመጣል። ሳንባ እንደ ፊኛ ነው፤ ስትስቡ ጥቂት ከፍ ትላላችሁ፣ ስታስወጡ ጥቂት ዝቅ ትላላችሁ። ጀማሪዎች ከሚገባው በላይ የእርሳስ ክብደት ይታጠቁና ያንን ለማካካስ ጃኬታቸውን በአየር ይነፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ሽቅብ ቁልቁል ሲዋዥቁ ይውላሉ። ክብደቱን እስከሚቻለው ድረስ ቀንሱ፤ ከዚያም በእርጋታ በመተንፈስ ብቻ ከፍታችሁን መቆጣጠርን ተለማመዱ። በመዋኛ ገንዳ ወለል ላይ አንድ ሳንቲም አስቀምጡና ከእርሱ አንድ ክንድ ከፍ ብላችሁ ሳትነኩት እያያችሁት ቆዩ። ይህ ልምምድ አሰልቺ ይመስላል። ነገር ግን በአሥር ጠለቃ የማይገኝ ነገር ያስተምራል። አንድ የእግር መቅዘፊያ ርግጫ ለዓመታት ያደገን የኮራል ቅርንጫፍ ሊሰብር እንደሚችል ስታስቡ ደግሞ ጉዳዩ ከፊልም ጥራት በላይ መሆኑን ትረዳላችሁ።

2. ከቦታው የማይንቀሳቀስ ታሪክ ፈልጉ

ብዙ ጀማሪዎች ሻርክ ወይም ዓሣ ነባሪ እናነሣለን ብለው ይወርዳሉ። እንስሳው ካልመጣ ፊልም የለም፤ ቢመጣም የሚታየው ሲያልፍ ነው። እኔ የምመክረው ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ የሚካሄድ ድርጊት መምረጥን ነው። ከሁሉ የሚበልጥብኝም የዓሦች የጽዳት ጣቢያ ነው።

በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖሶች የኮራል ቋጥኞች ላይ የጣት ርዝመት ያላት፣ ጎኗ ላይ ጥቁር መስመር ያለባት አንዲት ዓሣ ትኖራለች። አጽጂ ዓሣ እንበላት። ሥራዋ የሌሎች ዓሦችን ጥገኛ ተውሳኮች እየለቀሙ መብላት ነው። ደንበኞቿ ወደ እርሷ ይመጣሉ፤ ተራ ይጠብቃሉ፤ አፋቸውንና ስንጥባቸውን ከፍተው ይቆማሉ። እርሷን በአንድ ጉርሻ ሊውጧት የሚችሉ ትልልቅ ዓሦች በጥርሳቸው መካከል ስትመላለስ ዝም ብለው ያስተናግዷታል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይጣፍጣል። አጽጂዋ ከተውሳኩ ይልቅ የምትወደው የደንበኛውን ቆዳ የሸፈነውን ልጋግ ነው። አንዳንዴ ትሰርቃለች፤ ደንበኛው ድንገት ሲዘል ካያችሁ መነከሱን ዕወቁ። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ሌላ ደንበኛ እየተመለከተ ሲሆን ጠባይዋ ይሻሻላል። በዚህ ላይ ደግሞ መልኳንና አዋዋኟን አስመስሎ የሚቀርብ ሌላ ዓሣ አለ፤ ደንበኛው አምኖ ሲቆምለት ከክንፉ ሥጋ ገንጥሎ ይሮጣል። መተማመን፣ ስርቆት፣ ምስክርና አስመሳይ፣ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ በማታህል ድንጋይ ላይ ይገኛሉ። ለአንድ አጭር ፊልም ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ቦታውን ካገኛችሁ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያለ ካሜራ ሄዳችሁ ተቀመጡ። ማን በስንት ሰዓት ይመጣል? ከየት በኩል ይገባል? ፀሐይ ድንጋዩን የምታበራው መቼ ነው? በውኃ ውስጥ መጻፊያ ሰሌዳ ላይ መዝግቡ። ከዚያ በኋላ ታሪኩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ ገና አልገባችሁም ማለት ነው፤ ተመልሳችሁ ተመልከቱ።

3. የካሜራውን ሳጥን አዘጋጁ

ውኃ የማያስገባ ሳጥን ሕይወቱ ያለው በክዳኑ ዙሪያ ባለችው ቀጭን የጎማ ቀለበት ላይ ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም አንድ ፀጉር ከሥሯ ከገባ ውኃ ይከተላል። እኔ አንድ ካሜራ ያጣሁት በመርከብ ላይ ተጣድፌ ሳጥኑን በመክፈቴ ነው፤ ያገኘሁትም አንድ አጭር የፎጣ ክር ነበር። ሳጥኑን ከዋዜማው በመኝታ ክፍላችሁ፣ በደማቅ ብርሃን ሥር ዝጉት። ቀለበቷን በጣት ዳሱ፣ ጥቂት ቅባት ብቻ ቀቡ። ከዚያም ካሜራውን ሳታስገቡ ባዶውን ሳጥን አጥልቃችሁ ሞክሩት። ከጠለቃ በኋላም ጨው ሳይደርቅበት በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፉት።

4. የጠፋውን ቀለም መልሱ

ውኃ ቀለም ይበላል። ቀዩ አስቀድሞ ይጠፋል፤ ከ5 እስከ 10 ሜትር ባለው ውስጥ አብዛኛው አይኖርም። ብርቱካናማና ቢጫ ይከተላሉ፤ በመጨረሻ ሰማያዊ ብቻ ይቀራል። በ20 ሜትር ላይ እጁ የተቆረጠ ጠላቂ የሚፈሰው ደሙ አረንጓዴ መስሎ ይታየዋል። ልብ በሉ፤ ብርሃን የሚጠፋው ወደ ታች ሲወርድ ብቻ አይደለም፣ ወደ ጎን ሲጓዝም ነው። ከአራት ሜትር ርቀት ያበራችሁት መብራት ደርሶ እስኪመለስ ስምንት ሜትር ውኃ ያቋርጣል። ስለዚህ በሰፊ ሌንስ፣ ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረጽ ይበጃል።

ርቀቱንም ዓይን ያሳስታል። ብርሃን ከውኃ ወደ ጭንብላችሁ አየር ሲሻገር ስለሚታጠፍ ነገሮች በሩብ ያህል ቀርበው፣ በሲሶ ያህል ገዝፈው ይታያሉ። ቀረብኩ ስትሉ ገና ናችሁ።

መብራት ከያዛችሁ ከሌንሱ አጠገብ አታድርጉት። በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝ ብርሃኑን ወደ ሌንሱ ይመልስና ምስሉን በረዶ የወረደበት ያስመስለዋል። ሁለቱን መብራቶች በረጅም ክንድ ወደ ግራና ቀኝ አርቁ፤ ጥቂትም ወደ ውጭ አዙሯቸው። መብራት ከሌላችሁ ከላይኛው ገጽ አጠገብ፣ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ሥሩ። ነጭ ሰሌዳ ይዛችሁም በየአምስት ሜትሩ ጥልቀት ካሜራው ነጩን ነጭ አድርጎ እንዲያሳይ እንደገና አስተካክሉት።

5. አታሳድዱ፤ ጠብቁ

የባሕር እንስሳ ሲባረር የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍርሃቱን። ስኩዊድ የተባለው ረጃጅም ክንዶች ያሉት የጥልቅ ባሕር ግዙፍ እንስሳ ታሪክ ይህን በሚገባ ያስረዳል። ለብዙ ዓመታት ሰዎች ኃይለኛ መብራትና የሚጮኽ ሞተር ባላቸው መርከቦች ሲፈልጉት ኖረዋል። በ2012 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በጃፓን ኦጋሳዋራ ደሴቶች አካባቢ፣ ኢዲት ዊደር የተባለችው የባሕር ሳይንቲስት ዘዴውን ገለበጠችው። ሞተር የሌለው ካሜራ በገመድ ወደ ጥልቁ ተላከ፤ መብራቱ አብዛኞቹ የጥልቅ ባሕር እንስሳት የማያዩት ቀይ ሆነ፤ ከፊቱም የሚያበራ ጄሊፊሽን የሚመስል ማባበያ ተንጠለጠለ። ስኩዊዱ ራሱ መጣ። በተፈጥሮ መኖሪያው ውስጥ በቪዲዮ ሲቀረጽ የመጀመሪያው ነበር።

በጽዳት ጣቢያውም ሕጉ ያው ነው። ከድንጋዩ ሦስት ሜትር ርቃችሁ ዝቅ በሉ፤ ዓሦቹ ወደ ሥራቸው እስኪመለሱ አምስት ደቂቃ፣ አስፈላጊ ከሆነም አሥር ጠብቁ። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ቅረቡ። አጽጂዋ ሥራዋን ካቆመች ቀርባችኋልና ወደኋላ በሉ። ምንም ነገር አትንኩ፤ ምግብ አትስጡ፤ ለተሻለ ማዕዘን ብላችሁ ድንጋይ አታንከባሉ።

እያንዳንዱን ምስል ቢያንስ ለ15 ሴኮንድ ያለማቋረጥ ቅረጹ። መጀመሪያ ሰፊውን ስፍራ፣ ቀጥሎ ድንጋዩን ከነሰልፈኛው፣ ከዚያም አፍና ዓይን። የሚጠብቀውን ዓሣ ፊት መቅረጽ አትርሱ። ቅንብር ላይ ስትቀመጡ ከሁሉ የሚያስፈልጋችሁ እርሱ ይሆናል፤ ጀማሪ ግን ሁልጊዜ የሚያየው የሚሠራውን ብቻ ነው።

6. ድምፁን ለብቻው ያዙ

ባሕር ዝምተኛ ነው የሚባለው ከሰው ጆሮ ድክመት የመጣ ነው። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር ከሚጓዝበት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። በዚህ የተነሣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ለመለየት እንቸገራለን። በሳጥን ውስጥ ያለው የካሜራው ማይክሮፎን የሚይዘው የእናንተን ትንፋሽና የሳጥኑን ኳኳታ ነው። ሃይድሮፎን የተባለውን የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን ከጀልባ ላይ ብታወርዱ ግን የሽሪምፖችን ፍንጣቂና ኮራል የሚግጡ ዓሦችን ቅርጥፍጥፍታ ትሰማላችሁ። ጀልባዋ ሞተሯን አጥፍታ መቆም አለባት።

ብዙ የተፈጥሮ ፊልሞች የዓሣ ክንፍ ሲንቀሳቀስ የሚያሰሙትን ድምፅ የሚሠሩት በስቱዲዮ ነው። እኔ ለእውነተኛው ድምፅ አደላለሁ። የተሠራ ድምፅ የምትጠቀሙ ከሆነም በፊልሙ መጨረሻ ተናገሩ።

7. ስታቀናብሩ እውነቱን ጠብቁ

ማክሰኞ የተቀረጸ ንክሻ ሐሙስ ከተቀረጸ መዝለል ጋር ቢጋጠም ተመልካች አያውቅም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ። የብዙ ቀናትን ቀረጻ እንደ አንድ ቀን መተረክ የተለመደ ስለሆነ አልቃወመውም፤ ያልተፈጸመን ድርጊት በመቀስ መፍጠር ግን ከዘጋቢ ፊልም ስም ጋር አይሄድም። የተቀረጸውን ለማግኘት የተደረገውም እንዲሁ ይመዘናል። ከመሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን ጋር በ1943 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጠላቂውን መተንፈሻ መሣሪያ የፈጠረው ዣክ ኩስቶ፣ በ1956 በካን የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ያገኘ ፊልም ከፊልም ሠሪው ሉዊ ማል ጋር ሠራ። የባሕሩን ውበት ለዓለም ያሳየው ያ ፊልም፣ ዓሦችን ለመቁጠር ተብሎ ኮራል በድማሚት ሲፈነዳና ሻርኮች ሲገደሉም ያሳያል። ኩስቶ በኋለኛው ዘመኑ የባሕር ጥበቃ ግንባር ቀደም ጠበቃ ሆነ። የዛሬው ቀራጭ ግን እዚያ ለመድረስ ያንን መንገድ መድገም አያስፈልገውም።

ትረካውን በአጭሩ ጻፉ። ምስሉ የሚያሳየውን አትድገሙ፤ የማያሳየውን ንገሩ። ተመልካቹ ዓሣዋ ስትነክስ ያያል፤ ልጋጉን መውደዷን ግን ካልነገራችሁት አያውቅም። ጽሑፉንም ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት ለአንድ የባሕር ሥነ ሕይወት ባለሙያ አስነብቡ።

8. የተረፈውን አትጣሉ

ከአምስት ሰዓት ቀረጻ ስምንት ደቂቃ ስትወስዱ የቀረውን ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ጥልቀት ጽፋችሁበት አስቀምጡ። ለምሳሌ ዌል ሻርክ የተባለው ነጠብጣባም ግዙፍ ሻርክ ድንገት በአጠገባችሁ ቢያልፍ ለፊልማችሁ አይሆን ይሆናል፤ ለተመራማሪ ግን ውድ ነው። ከስንጥቡ በስተኋላ ያለው የነጠብጣብ አቀማመጥ እንደ ሰው አሻራ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ሳይንቲስቶች ፎቶዎቹን የሚያመሳክሩት ደግሞ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የከዋክብትን ምስል ለማስተያየት ከተጠቀሙበት ስሌት በተወሰደ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። እንስሳው ካለፈ በርቀት ሆናችሁ ግራ ጎኑን፣ ከስንጥቡ ጀምሮ እስከ ጎን ክንፉ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አንሡ፤ ከዚያም ወደ ድንጋዩ ተመለሱ።