በኦፕቲካል ዲስክ ላይ ሁለት ስሞች የአንድ ፋይል መሆናቸውን እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

በሃርድ ዲስክ ላይ በአንድ የፋይል ሥርዓት ውስጥ ያሉ ሁለት ስሞች አንድ የኢንኦድ ቁጥር (ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ካላቸው ፋይሉ አንድ ነው፤ በሲዲ ላይ ግን ይህን መለኪያ ማመን አይገባም። የአይሶ 9660 (በሲዲ ላይ ፋይሎች የሚደራጁበት ደረጃ) መሠረታዊ አሠራር የኢንኦድ ቁጥር ስለማይመዘግብ፣ ሊኑክስ ቁጥሩን የሚያወጣው የፋይሉ መግለጫ በማውጫው ውስጥ ከሰፈረበት ቦታ ተነሥቶ በመሆኑ፣ አንድ ይዘት የሚጋሩ ሁለት ስሞች የተለያየ ቁጥር ይዘው ይታያሉ።

ስለዚህ የዲስኩን ማውጫ በአይሶኢንፎ ፕሮግራም ዘርዝረው የፋይሎቹን መነሻ ብሎክ (ዲስኩ ከተከፋፈለባቸው እኩል ክፍሎች አንዱ) እና መጠን ያነጻጽሩ። ለምሳሌ ሁለቱም ከብሎክ 300 የሚነሡና 4096 ባይት ከሆኑ፣ የሚጋሩት ባለ 2048 ባይት የሆኑትን እነዚያኑ ሁለት ብሎኮች ነው። ባዶ ፋይሎችን ከንጽጽሩ ያውጧቸው፤ ይዘት ስለሌላቸው መነሻቸው ምንም አያስረዳም። መነሻቸው የተለያየ ፋይሎችም ቅጂዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ይህን ለመለየት ቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ ማረጋገጫ ቁጥር) በማስላት ይዘታቸውን ማነጻጸር ይቻላል።