ቁም ሳጥን ሲደራጅ ከልብሱ ይጀመራል

ቁም ሳጥኑን ለማስተካከል የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ቅርጫት፣ ሳጥንና አዲስ ሃንገር ነው። ይሄ ቅደም ተከተሉን ያዛባል። ስንት ልብስ እንደሚቀር ሳይታወቅ የተገዛ ሳጥን ወይ ይተርፋል፣ ወይ መደርደሪያው ውስጥ አልገባ ይላል። ሲብስ ደግሞ የማይለበሰውን ልብስ አሳምሮ መደበቂያ ይሆናል። ስለዚህ ልብሱ ተለይቶ፣ ቦታው ተለክቶ እስኪያልቅ ምንም አይግዙ። ለጊዜው የሚያስፈልግዎት የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ቁመትዎን ሙሉ የሚያሳይ መስታወት፣ አራት ትልልቅ ከረጢቶች፣ እስክሪብቶና ወረቀት ብቻ ነው።

ማውጣትና መለየት

ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አውጥቶ አልጋ ላይ መከመር ጥሩ የሚሆነው ሙሉ ቀን ላለው ሰው ነው። ያለዚያ መሸት ሲል ድካም ይመጣና ክምሩ እንዳለ ተመልሶ ይጠቀጠቃል። በዓይነት መሄድ ይሻላል፤ ዛሬ ሸሚዞች፣ ነገ ሱሪዎች፣ ከዚያ ሹራቦች። አንዱን ዓይነት ሲጀምሩ ግን ምንም አይቅር፤ ከበሩ ጀርባ የተንጠለጠለው፣ ሻንጣ ውስጥ ያለው፣ ለእጥበት የተቀመጠውም ይምጣ። ሰባት ጥቁር ሱሪ እያለ ስምንተኛው የሚገዛው ሰባቱ አንድ ላይ ታይተው ስለማያውቁ ነው።

እያንዳንዱን ልብስ ይልበሱት። በእጅ ይዞ ማየት ያታልላል። ለብሰው ይቀመጡ፣ ጎንበስ ይበሉ፣ ሁለቱንም እጅ ወደ ላይ ያንሡ። ሸሚዙ ደረት ላይ በቁልፎቹ መሐል አፉን ከከፈተ፣ ሱሪው ሲቀመጡ ወገብ ላይ ከቆረጠ፣ የማይለበስበት ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። ይህን በመስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን ያድርጉት። በአምፖል ብርሃን ጥቁርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይመሳሰላሉ፤ የኮሌታና የብብት ብጫታም አይታይም።

የሚጠቅመው ጥያቄ «እወደዋለሁ?» የሚለው አይደለም፤ ብዙ የማንለብሰውን ልብስ እንወደዋለንና። «ነገ ጠዋት ለብሼው ልወጣ እችላለሁ? ካልቻልኩስ ለምን?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ መድኃኒቱንም ይናገራል። ቁልፍ ጎድሎት ከሆነ ይጠገናል። አብሮት የሚለበስ ከሌለ ጉዳዩ የሌላ ልብስ ነውና ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ትከሻው ሰፍቶ ከሆነ ግን ብዙ ተስፋ አያድርጉ፤ ትከሻ ማጥበብ እጅጌውን ነቅሎ እንደገና መግጠም ስለሚጠይቅ ለመልካም ኮት ካልሆነ አያዋጣም። «ስከሳ እለብሰዋለሁ» ለሚባለው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ያስቀሩ።

አራቱ ከረጢቶች የሚመለስ፣ የሚጠገን፣ ለሌላ ሰው የሚሰጥና ለመወልወያ የሚቀደድ ይባሉ። ለመወሰን ያስቸገረውን አሽገው የዕለቱን ቀን ይጻፉበትና ከዓይን ያርቁት። 6 ወር ውስጥ ካልፈለጉት መልሱ ተገኝቷል። የማስታወሻ ልብስ ግን በዚህ ሚዛን አይመዘንም፤ ከዕለት ልብስ ጋር ቦታ እንዳይጋፋ ለብቻው ይቀመጥ እንጂ መጣል የለበትም።

ማደስ፦ መጀመሪያ በመርፌ

አለባበስን ለማደስ ገበያ መውጣት የመጨረሻው መንገድ ነው። «የሚጠገን» ከተባለው ከረጢት የሚመለሰው ልብስ አዲስ የመግዛት ያህል ያስደስታል።

ቁልፍ ሲተከል ክሩ ድርብ ይሁን፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ቀዳዳ 4 ጊዜ ያህል ማመላለስ ይበቃል። በወፍራም ኮት ላይ ቁልፉን ከጨርቁ አጣብቆ መስፋት ስሕተት ነው፤ ሲቆለፍ ጨርቁን ይጨመድደዋል፣ ክሩም ቶሎ ይበጠሳል። በቁልፉ አናት ላይ የክብሪት እንጨት አስተኝተው በላዩ ይስፉ። ሲጨርሱ እንጨቱን ያውጡና በተረፈው ክር በቁልፉና በጨርቁ መካከል ያለውን ሥር አራት አምስት ጊዜ ጠምጥመው ይቋጩት።

ሹራብ ጸጉር አውጥቶ ሲድቦለቦል ያረጀ ይመስላል እንጂ አላረጀም። አጫጭር የክር ጸጉሮች በሰበቃ ብዛት ወጥተው ስለሚጠቀለሉ ነው፤ ብብት ሥርና ቦርሳ የሚነካው ጎን ላይ የሚበዛውም ለዚህ ነው። በጣት አይንጩት፤ አንዱ ሲነጭ ሌላውን ጸጉር ጎትቶ ያወጣል። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው በሹራብ መላጫ ማሽን ሳይጫኑ ይላጩት። ስፌቱ አጠገብ ሲደርሱ ይጠንቀቁ፤ ማሽኑ ቀዳዳ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

የነጭ ሸሚዝ ብብት ቢጫ ሲሆን ብዙዎች በረኪና ያፈሱበታል። በላብ የመጣን ብጫታ በረኪና ይባስ ሊያባብሰው ይችላል፤ ጨርቁንም ያሳሳል። ክሎሪን የሌለበትን፣ በኦክስጅን የሚሠራውን ማንጫ በሞቀ ውኃ በጥብጠው ለጥቂት ሰዓት መዘፍዘፍ ይሻላል። ይህ ለጥጥ ነው፤ ሱፍና ሐር በዚህ አይነኩም።

የተጣበቀ ዚፕ ጥርሱ ላይ ሻማ ወይም የእርሳስ ጫፍ ሲታሽበት ይለቃል። ተዘግቶ ሳለ ከተንሸራታቹ ኋላ የሚከፈት ዚፕ ደግሞ ጥርሱ ካልረገፈ ተንሸራታቹ ላልቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ጎንና ጎኑን በፒንሳ በትንሹ መጫን ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ሱሪ ከማሳጠርዎ በፊት አንድ ጊዜ ይጠብ፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚሰበሰብ ሳይታጠብ የተቆረጠ ሱሪ ቁርጭምጭሚት ላይ ሊቀር ይችላል። የደበዘዘ ጥቁር ማቅለም ከፈለጉ መጀመሪያ የጨርቁን ዓይነት ያንብቡ። ተራው የጥጥ ቀለም ፖሊስተር አይይዝም፤ መቶ በመቶ ጥጥ በሆነ ልብስ ላይም ስፌቱ የፖሊስተር ክር ከሆነ በድሮው ቀለሙ ይቀራል።

ቦታውን መለካት

አሁን የሚቀረው ልብስ ታውቋል። ሜትሩን ያውጡ። የአዋቂ ሃንገር ወርዱ ከ40 እስከ 45 ሴንቲሜትር ነው፤ እጅጌው ሲጨመርበት ሳጥኑ ወደ ውስጥ ቢያንስ 55፣ ቢመች 60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይፈልጋል። ከዚያ ካነሰ በሩ እጅጌ እየነከሰ ይዘጋል። ሸሚዝ፣ ጃኬትና ለሁለት የታጠፈ ሱሪ ሃንገር ከሚሰቀልበት ብረት በታች 1 ሜትር ያህል ይበቃቸዋል፤ ረጅም ቀሚስና ካፖርት ከ150 እስከ 165 ሴንቲሜትር ይወስዳሉ። ስለዚህ ረጃጅሞቹን ወደ አንድ ጎን ሰብስበው በቀረው ቦታ ሁለት ብረት፣ አንዱን በ2 ሜትር፣ ሌላውን በ1 ሜትር ከፍታ ቢያስገጥሙ፣ በዚያ በኩል የሚሰቀለው ልብስ እጥፍ ይሆናል። ብረቱ ከ1 ሜትር ከረዘመ መሐሉ ላይ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ያለ ድጋፍ በካፖርት ክብደት ይጎብጣል፤ ልብሱም ሁሉ ተንሸራቶ መሐል ላይ ይከመራል።

ለታጠፈ ልብስ የመደርደሪያው ክፍተት ከ30 እስከ 35 ሴንቲሜትር ይሁን። ከፍ ካለ ክምሩ ይረዝማል፤ የረዘመ ክምር ደግሞ ከሥሩ አንድ ሹራብ ሲሳብ ይናዳል። ቅርጫት የሚገዛው እዚህ ላይ ነው፣ ልኩ በእጅ ተይዞ።

መመለስ

ሹራብ አይሰቀልም። የገዛ ክብደቱ ወደ ታች ስለሚጎትተው ይረዝማል፤ ትከሻው ላይም የሃንገሩ ጫፍ ጉብታ ያወጣል። ሸሚዝ፣ ቀሚስ፣ ኮትና ሐር ይሰቀሉ። ኮትና የቆዳ ጃኬት ትከሻቸውን የሚሞላ ወፍራም ሃንገር ይፈልጋሉ፤ ቀጭን ሽቦ ቅርጻቸውን ያጠፋል፣ በእርጥበትም ይዝጋል። ቲሸርት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ከሚደራረብ፣ ተጣጥፎ እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን ቢቆም ሁሉም በአንድ ዕይታ ይታያል። ልብሶቹን በቀለም መደርደር ያምራል፤ በዓይነት መደርደር ግን ጠዋት ላይ ይጠቅማል። በዓይነት ለይተው እዚያው ውስጥ በቀለም ማስከተል ይችላሉ።

ሁሉንም ሃንገር መጀመሪያ መንጠቆውን ወደ ራስዎ አዙረው ይስቀሉ። የለበሱትን ሲመልሱ በትክክለኛው አቅጣጫ ያንጠልጥሉት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሳይዞር የቀረው ሃንገር የትኛው ልብስ እንዳልተነካ ይነግርዎታል።

ለወራት የሚቀመጥ ልብስ ታጥቦ፣ ፈጽሞ ደርቆ መግባት አለበት። ሱፍና ሐር የሚበላው የሚበረው ብል ሳይሆን ትሉ ነው፤ ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን ቦታ ደግሞ ይመርጣል። ብል የገባበት ሹራብ ካለ በላስቲክ በደንብ አሽገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ 2 ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡት ላስቲኩን ወዲያው አይክፈቱ፤ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ይጠብቁ፣ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ሳጥኑ ራሱ ደግሞ በስንጥቆቹና በጥጎቹ በኩል በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ይጸዳ፤ እንቁላሉ እዚያም ይቀራልና። የብል ክኒን፣ ማለትም ናፍታሊን፣ የሚሠራው በታሸገ ዕቃ ውስጥ ብቻ ነው። ትነቱ ለሕፃናት አደገኛ ስለሆነ ከእነሱ ልብስ ጋር ፈጽሞ አይቀመጥ። ከእጥበት ቤት የመጣ የላስቲክ ሽፋንም ይገፈፍ፤ እርጥበት አፍኖ ለሻጋታና ለብጫታ ያጋልጣል። በጨርቅ ሽፋን ይተኩት።

ከዚያ በኋላ መግዛት

ወረቀቱ ላይ «አብሮት የሚለበስ የለም» ተብለው የተጻፉትን ያንብቡ። ሦስት አራት ልብስ የሚያስነሣው አንድ ሱሪ ወይም አንድ ጫማ ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፎ ይገኛል፤ ግዢውም ከእሱ ይጀምር። አምስት ሸሚዝና ሦስት ሱሪ ሁሉም እርስ በርሳቸው ከሄዱ 15 አለባበስ ይሆናሉ። ስድስተኛው ሸሚዝ ከአንዱ ሱሪ ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ የጨመረው አንድ ነው፤ ከሦስቱም የሚሄድ ከሆነ ግን ሦስት። ሊገዙ ያሰቡት ልብስ ቤት ካሉት ቢያንስ ከሦስቱ ጋር ካልተለበሰ ይተዉት። የልብሶችዎን ፎቶ ስልክዎ ላይ መያዝ ይህን ሱቅ ውስጥ ቆመው ለማመሳከር ያስችላል።

የተደራጀ ቁም ሳጥን በሳምንት የሚፈርሰው አንድ ቀን ተለብሶ ገና ላልቆሸሸው ልብስ ቦታ ስለማይሰጠው ነው። ከንጹሑ ጋር ቢመለስ ሽታ ያጋባል፤ ለእጥበት ቢሄድ ያለዕድሜው ያልቃል። ስለዚህ ወንበር ላይ ይከመራል። ከሳጥኑ ውጭ፣ በሩ ጎን ላይ ሦስት ወይም አራት መንጠቆ ብቻ ይምቱለት። ልብሱ እዚያ ሌሊቱን ነፋስ አግኝቶ ያድራል፤ መንጠቆዎቹ ሲሞሉ አንዱ ይመለሳል ወይም ይታጠባል።