አጌትና ኢያሰጲድ ለመፈለግ ተራራ ለሚወጣ ሰው

አጌትና ኢያሰጲድ የሚባሉትን ጌጠኛ ድንጋዮች ፍለጋ አብሮኝ የሚወጣ ሰው ገና ከመኪና ሳይወርድ መዶሻውን ሲያወጣ ካየሁ መልሶ ቦርሳው ውስጥ እንዲከተው እነግረዋለሁ። ቁፋሮውን ዝናብና ጎርፍ ከእኛ ቀድመው ሠርተውታል፤ የእኛ ድርሻ ማየት ነው።

ቅልጥ ዓለት ሲቀዘቅዝ ውስጡ የታፈነው ጋዝ ባዶ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) ያዘለ ውኃ ለረጅም ዘመን እየሰረገ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ በየንብርብሩ ሲረጋ አጌት ይሆናል። በዙሪያው ያለው ባዛልት ወይም ራዮላይት የተባለው የእሳተ ገሞራ ዓለት እየፈረሰ አፈር ሲሆን፣ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 6.5 እስከ 7 የሚደርሰው አጌት ሳይበገር ተንከባልሎ ወንዝ ይገባል። ስለዚህ ከታች ጀምሩ። ከተራራው የሚወርደውን ደረቅ ወንዝ ጠጠር እያያችሁ ወደ ላይ ውጡ። ቁራጮቹ እየበዙና ጠርዛቸው እየሾለ ከመጣ ወደ ምንጩ ቀርባችኋል። ድንገት ከጠፉ ደግሞ አልፋችሁታልና ተመልሳችሁ ግራና ቀኙን ተዳፋት ፈትሹ።

የዝናብ ማግሥት ጥሩ ቀን ነው፤ አቧራው ታጥቦ ቀለሙ ይወጣል። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ፀሐይ ዝቅ ስትል ፊታችሁን ወደ እርሷ አዙራችሁ ተራመዱ። አጌት ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከደብዛዛው ጠጠር መካከል ራሱ ያበራል። ባርኔጣ አትርሱ።

ያልተሰበረ አጌት መልኩ አያምርም። ቆዳው እንደ ድንች ሸካራና ጎድጓዳ ስለሆነ ብዙ ሰው ረግጦት ያልፋል። አንስታችሁ የተሸረፈ ጥግ ፈልጉለትና በውኃ አርጥቡት፤ ከዚያ ወደ ፀሐይ ያዙት። ብርሃኑ በስሱ ጠርዝ በኩል ወደ ውስጥ ከገባና ቀጫጭን መስመሮች ተከታትለው ከታዩ አግኝታችኋል። ጃስፐር የሚባለው ኢያሰጲድ ግን በስሱ ጠርዙም ብርሃን አያሳልፍም። ቀይ ከሆነ ቀለሙ ከብረት ኦክሳይድ የመጣ ነው፤ ስብራቱም ለስላሳና ጎበጥ ያለ ነው። ከተጠራጠራችሁ በቢላዋ ጫፍ ጫር አድርጉት። ካልሳይት የሚባለው ለስላሳ ማዕድን ወዲያው ይጫራል፤ አጌትና ኢያሰጲድ ላይ ግን ብረቱ ራሱ ግራጫ መስመር ትቶ ያልፋል።

መሬቱ የሕዝብ ነው ማለት ሁሉም ይፈቀዳል ማለት አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ በሚያስተዳድራቸው አብዛኞቹ ቦታዎች ለግል የሚሆን መጠነኛ ድንጋይ በእጅ መሣሪያ መሰብሰብ ይቻላል፤ ፈንጂና ባለሞተር መሣሪያ ግን ክልክል ነው። ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት የራሱ ገደብ አለው፦ በቀን 25 ፓውንድና አንድ ተጨማሪ ቁራጭ፣ በዓመት ከ250 ፓውንድ ሳይበልጥ። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ጠጠርም አይነሳም። በሕዝብ መሬት ላይ የሌላ ሰው የማዕድን ይዞታ ሊኖር ስለሚችል የድንበር ምልክት ካያችሁ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትለፉ። ከመውጣታችሁ በፊት ቦታውን ለሚያስተዳድረው ቢሮ መደወል ከሁሉም ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከእነዚሁ ድንጋዮች የቀስት ጫፍ ይሠሩ ነበር። በሁለት ጎኑ በጥንቃቄ የተቀረፈ ስስ ኢያሰጲድ ካገኛችሁ፣ ምንም ያህል ቢያምር ባለበት ተዉት።

መዶሻ የሚያስፈልገው ድንጋዩ ከአለቱ ጋር ተጣብቆ ሲቀር ነው። የመከላከያ መነጽር ሳታደርጉ አትምቱ፤ ፍንጣሪው ከመስታወት ስብርባሪ አይተናነስም። የአናጢ መዶሻ ጫፉ ሊሸረፍ ስለሚችል የጂኦሎጂ መዶሻ ያዙ። ቤት ወስዳችሁ የምትቆርጡ ከሆነ ሁልጊዜ በውኃ እያረጠባችሁ ይሁን፤ የሲሊካ ብናኝ ሳንባን ይጎዳል። የተጣበቀውን ነጭ የካልሳይት ቅርፊት ኮምጣጤ ቀስ ብሎ ያሟሟዋል፤ አጌቱን አይነካውም። በሚሽከረከረው ማለስለሻ ማሽን ውስጥ ግን ከአጌት ጋር ለስላሳ ድንጋይ አትቀላቅሉ፤ ለስላሳው ተፈጭቶ ያልቃል።