ጠቅልለው ለሚገቡ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት ከቨርጂኒያ ጠቅልላ መጥታ ቢሮዬ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ያወጣችው አቃፊ በሐዋላ ደረሰኝ ተጨናንቋል፤ የአሥራ አንድ ዓመት ድካም ነው። መጨረሻ ላይ የቤቱን ካርታ ቅጂ ዘረጋችልኝ። ካርታው ላይ ያለው ስም የወንድሟ ነው።

ወንድሟ ሌባ አይደለም። ያኔ እርሷ የአሜሪካ ዜግነት ይዛ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) አላወጣችም ነበርና ቤቱ «ለጊዜው» በእርሱ ስም ተገዛ። እርሱ ደግሞ ባለትዳር ነው። በቤተሰብ ሕጋችን በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ዛሬ «ለእህቴ ልመልስላት» ቢል እንኳ ያለ ባለቤቱ ፊርማ አይሆንለትም።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዚአብሔር ይወቀው። ሰፈሩ ይለወጣል እንጂ አቃፊው ያው ነው። እባካችሁ፣ ገንዘባችሁን ከስማችሁ አታስቀድሙት! ቢጫ ካርድ የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትም፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት በስሙ መያዝም እንዲችል በ1994 ዓ.ም. በዐዋጅ ተፈቅዷል። መጀመሪያ ካርዱን አውጡ፣ ከዚያ ግዙ። ራሳችሁ መገኘት ካልቻላችሁ ውክልና ስጡ፤ ነገር ግን «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚለውን ውዳሴ ሳታነቡ አትፈርሙ። ቤት እንዲገዛላችሁ የወከላችሁት ሰው የመሸጥ ሥልጣን ምን ያደርግለታል? ውክልናው «ይህን ቤት በስሜ ይግዛልኝ» ካለ በቂ ነው። «ወንድሜን እንዴት አላምንም?» የሚለኝ አይጠፋም። እመኑት። ግን ወንድም ይታመማል፣ ይፋታል፣ ይሞታል፤ ያን ጊዜ ወራሾቹ የሚያዩት ደረሰኛችሁን ሳይሆን ካርታውን ነው።

የራሴንም ልናገር። በ2008 ዓ.ም. ስመለስ ያጠራቀምኩትን ዶላር በአንድ ጠዋት ወደ ብር መነዘርኩት፤ አንዱን በ21 ብር ገደማ። ከባንኩ ሚሊየነር ሆኜ ወጣሁ። በጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ እንዲረክስ ተደረገ። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የደብተሬ ቁጥር አልጎደለም፤ ሲሚንቶና ብረት ልገዛ ስወጣ ነው የጎደለው። የዓመት ወጪያችሁን መንዝሩ፤ የቀረው በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ይቀመጥ።

ከአሜሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃ አትጫኑ። የእነርሱ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፤ ሄርዙን (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ፍጥነት) ግን አይነካውም። ጅቡቲ ድረስ በመርከብ፣ ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያስመጣኋት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ዛሬ የበርበሬ ማስቀመጫ ሆናለች።

መኪናውንም እዚያው ሽጡት፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል።

የአሜሪካ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ የ10 ዓመት ሥራ ማለት ነው። 38 ነጥብ ይዞ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ግማሽ ዓመት ቢታገሥ ኖሮ ይሞላለት ነበር፤ የበረራ ቲኬቱ ርካሽ ሆኖበት ቸኮለ። ሜዲኬርም (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም፤ ስለዚህ የሐኪም ገንዘብ ከቤት መግዣው ለይታችሁ አስቀምጡ። ዜግነቱን እስከያዛችሁ ድረስም አዲስ አበባ ብትኖሩ ለአሜሪካ መንግሥት ገቢያችሁን የማሳወቅ ግዴታችሁ አይቀርም።

በጥምቀት ሰሞን ሦስት ሳምንት ሰንብታችሁ «ኑሮውን አየሁት» አትበሉ። በዚያ ሦስት ሳምንት ዘመድ ሁሉ ይጋብዛችኋል፣ መኪናም የሚሾፍርላችሁ አይጠፋም። በሐምሌ ኑ። ቤት ተከራዩ፣ እድር ግቡ፣ ውኃ በፈረቃ ስትመጣ በሌሊት ተነሥታችሁ በርሜል ሙሉ፤ ከዚያ እዚያ ያለውን ቤታችሁን ለመሸጥ ወይም ላለመሸጥ ወስኑ።

ያቺ እህታችን ሰኞ ከወንድሟ ባለቤት ጋር ቡና ሊጠጡ ተቀጣጥረዋል። ስለ ሰነዱ በመጀመሪያው ስኒ እንዳታነሣ መክሬያታለሁ።