ልጅ ትምህርት ቤት ከመመዝገቡ በፊት የክትባት ካርዱን እንዴት እናሟላ

ድሬዳዋ ላይ ልጅ ኬጂ ሲገባ ከልደት ሰርተፍኬቱና ከጉርድ ፎቶው ጋር የክትባት ካርድ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች አሉ። ብዙዎቻችን ካርዱን መፈለግ የምንጀምረው የምዝገባው ዕለት ጠዋት ነው። እባካችሁ ሐምሌ ላይ አውጡት።

መጀመሪያ እያንዳንዱን መስመር በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። ልጁ እንደተወለደ የቲቢ መከላከያው ቢሲጂና የፖሊዮ ጠብታ ይወስዳል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ፖሊዮ፣ አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ የሚከላከለው ፔንታ እና የሳንባ ምች መከላከያው ፒሲቪ አለ። የተቅማጥ መከላከያው ሮታ በ6 እና በ10 ሳምንት፣ በመርፌ የሚሰጠው ፖሊዮ ደግሞ በ14 ሳምንት ይጀምራል። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው።

ስታነቡ ቀጠሮውንና የተሰጠበትን ቀን ለዩ። የልጄን ካርድ ዘርግቼ ሳይ በ15 ወሩ መስመር ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቀን ነበር፤ ተከትባለች ብዬ ልዘጋው ስል ቀጠሮ ብቻ መሆኑ ገባኝ። ደነገጥኩ። ልጅ መሮጥ ከጀመረ ክትባቱ ያለቀ ይመስለናልና ይህ መስመር በቀላሉ ይዘለላል። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በአገራችን መደበኛ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆች ካርድ ላይ ላይኖርም ይችላል።

«በዘመቻ ወስዷል እኮ» የምትሉ እናቶችና አባቶች፣ ቤት ለቤት የተሰጠው የፖሊዮ ጠብታና ጣት ላይ የተቀባው ቀለም ተጨማሪ ጥበቃ ነው። የካርዱን ባዶ መስመር አይሞላም።

ጅቡቲ ተወልዶ የመጣ ልጅ ካላችሁ ካርዱ በፈረንሳይኛ፣ ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «ሩዦል» የሚለው ኩፍኝ ነው። ቀኑን እናንተ ለመቀየር አትሞክሩ፤ እንዳለ ለባለሙያው አሳዩ።

ካርዱ ከጠፋ ልጁ ወደተከተበበት ጤና ጣቢያ ሂዱ። የተወለደበትን ቀንና የተከተበበትን ወር በግምትም ቢሆን ከነገራችኋቸው መዝገቡ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ። ካልተገኘ ባለሙያው የልጁን ዕድሜ አይቶ የሚያስፈልገውን ይወስናል።

የጎደለ ካለ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በመንግሥት ጤና ተቋም መደበኛ ክትባት በነፃ ነው። የተቋረጠው ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያ አይጀመርም። ግን እንደ ፔንታ ያለው በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ ሐምሌ ያልኩት ለዚህ ነው። ዕድሜ ካለፈ የማይሰጡም አሉ። ቀለል ያለ ጉንፋን አያስቀርም፤ ከቀደመ ክትባት በኋላ ከባድ ሕመም ከነበረ ግን ሳትደብቁ ተናገሩ።

ከመሄዳችሁ በፊት የኩፍኝ ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ጠይቁ። የክትባቱ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ ልጆች በአንድ ቀን እንዲሰበሰቡ የሚያደርጉ ጣቢያዎች አሉ። ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ድረሱ።

ሲጨርሱ ቀኑና ፊርማው መጻፉን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። የካርዱን ሁለቱንም ገጽ በስልክ አንሱ፣ ለትምህርት ቤቱ ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን ቤት አስቀምጡ። ሴት ልጅ ካለቻችሁ 9 ዓመት ሲሞላት ስለ ማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ትጠይቁበታላችሁ።