ሰንጠረዥ ያለ ሰንጠረዥ

ሐዋሳ ፒያሳ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። በሩ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ቼዝ ተዘርግቶ ይውላል። የሰፈሩ ሴቶች ልጆች ሻምፒዮና የተጀመረው ከዚያች ጠረጴዛ ነው። የመጀመሪያውን ማን እንዳሸነፈች ብትጠይቁኝ ግን መልስ የለኝም። ውጤቱን የጻፍኩበትን ወረቀት የተበላሸ ኮፒ መስሎኝ ጀርባው ላይ የሰው ማመልከቻ አተምኩበት። ማመልከቻው ሄደ፣ ሻምፒዮናችንም አብሮት ሄደ። ሁለት ልጆች እስከ ዛሬ «እኔ ነኝ ያሸነፍኩት» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ።

ስለዚህ ውድድር ለማዘጋጀት ያሰባችሁ ካላችሁ ከቼዙ በፊት ወረቀቱን አዘጋጁ።

አያቶቻችን ጨዋታውን ሰንጠረዥ ይሉት ነበር። በድሮው አጨዋወት መጀመሪያ ላይ ተራ አይጠበቅም። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደፈለጉ ያሰልፋሉ። እቴጌ ጣይቱም ይጫወቱ ነበር ይባላል። ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ሰው የሚታየው መስመርና ሳጥን ነው። ለእኔ ሥራ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ለአንድ ቀን ስድስት ልጅ ይበቃል። ስማቸውን በዕጣ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ስጡ። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጫወታሉ፤ አምስት ዙር፣ በየዙሩ ሦስት ጨዋታ። መጀመሪያ የተጻፈችው ነጭ ትይዛለች። አንደኛ ዙር 1 ከ6፣ 2 ከ5፣ 3 ከ4። ሁለተኛ 6 ከ4፣ 5 ከ3፣ 1 ከ2። ሦስተኛ 2 ከ6፣ 3 ከ1፣ 4 ከ5። አራተኛ 6 ከ5፣ 1 ከ4፣ 2 ከ3። አምስተኛ 3 ከ6፣ 4 ከ2፣ 5 ከ1። አንዷ ከቀረች 6 ቁጥርን ባዶ ተዉት፤ ከ6 ጋር የደረሳት ልጅ ያን ዙር ታርፋለች።

በየጨዋታው ለእያንዳንዷ 15 ደቂቃ ስጡ። የቼዝ ሰዓት ከሌለ ስልክ ላይ የሚጫን አለ። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሕግ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ የነካሽውን ታንቀሳቅሻለሽ። ጠቡ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

እኛ አንዴ ሐይቅ ዳር ዛፍ ሥር ተጫውተን ነበር። ቦታው ደስ ይላል፣ ግን አልመክርም። ነፋሱ ወረቀት ይወስዳል። አንዲት ጦጣ ደግሞ ጥቁሩን ወታደር ይዛ ዛፍ ላይ ወጣች። በቆርኪ ተክተን ቀጠልን። ቆርኪዋ የሰሌዳው ሌላኛው ጫፍ ደርሳ ንግሥት ሆነች።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ስሞቹን በግራ ወደ ታች ጻፉ፣ ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ጎን። 2 ቁጥር 5ን ካሸነፈች በ2 መስመር 5 ሥር 1 ይገባል፣ በ5 መስመር 2 ሥር ደግሞ 0። አቻ ከሆነ ሁለቱም ቦታ ግማሽ። አንድ ጨዋታ ሁለት ቦታ ይጻፋል ማለት ነው፤ ብዙ ሰው አንዱን ይረሳል። መጨረሻ ላይ የሁሉንም ነጥብ ደምሩ። ስድስት ልጅ ከሆኑ ድምሩ 15 ካልመጣ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ነጥብ እኩል ከሆነ እኔ መጀመሪያ እርስ በርስ ማን እንዳሸነፈ አያለሁ። ያም አቻ ከሆነ ልጅቷ ያሸነፈቻቸውን ተጋጣሚዎች ነጥብ ሙሉውን፣ አቻ የወጣቻቸውን ግማሹን እደምራለሁ። ጠንካራ ጠንካራዎቹን ያሸነፈች ትቀድማለች። ይህን ከውድድሩ በኋላ ሳይሆን በፊት ንገሯቸው። ዋንጫው ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

ይህ ሁሉ ለስድስት ልጅ ምን ያደርጋል የሚለኝ አይጠፋም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገራችሁ። የእንግሊዝ ሴቶች ሻምፒዮና በ1904 ሄስቲንግስ ላይ ሲጀመር ኬት ፊን እንዳሸነፈች ዛሬም እናውቃለን። የሶቪየት ሴቶች የመጀመሪያ ሻምፒዮና በ1927 ተካሂዶ ኦልጋ ሩብትሶቫ አሸነፈች። በ1956 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ያ መጀመሪያ ባይጻፍ 29 ዓመት እንደፈጀባት ማን ይቆጥር ነበር? አሜሪካዊቷ ጊዜላ ግሬሰርም የአገሯን ዋንጫ 9 ጊዜ ወስዳለች።

እኔ የምወደው ግን የ1927ቱን የለንደን ሰንጠረዥ ነው፤ የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና። 12 ተጫዋቾች፣ 66 ጨዋታ። የአሸናፊዋን የቬራ ሜንቺክን መስመር ስታነቡ አስር 1 እና አንድ ግማሽ ታገኛላችሁ፤ ዜሮ የለም። በ1944 ለንደን ቤቷ በጀርመን ቦምብ ተመትቶ ከእናቷና ከእህቷ ጋር ስትሞት ሻምፒዮንነቷን ገና ማንም አልነጠቃትም ነበር። መስመሯን ኮፒ አድርጌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ልጆቹ ሲያዩት «ግማሿን የወሰደባት ማናት?» ይላሉ እንጂ አሥሩን አያደንቁም።

ውድድሩ ሲያልቅ ከሰንጠረዡ ሥር ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዳኛዋን ስም ጻፉና ሁለት ተጫዋቾች ይፈርሙበት። ሦስት ኮፒ አውጡ። አንዱ ግድግዳ ላይ፣ አንዱ ፋይል ውስጥ፣ አንዱ ለአሸናፊዋ እናት። እናት ወረቀት አትጥልም። ፎቶም አንሱት፣ ግን ስልክን አትመኑ።

እኔም አሁን በየዓመቱ ያሸነፉትን የምመዘግብበት ደብተር አለኝ። የመጀመሪያው መስመር ባዶ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱ ተጨቃጫቂዎች አብረው መጡ። «እንደገና ተጫውተን ያሸነፈችው ትጻፍ» አሉኝ። እንዲጫወቱ ጠረጴዛዋን ለቀቅኩላቸው፣ መስመሩን ግን አልሰጠኋቸውም። እዚያ ላይ በእስክሪብቶ «ውጤቱ በእኔ ጥፋት ጠፍቷል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት።