የፒካፕዎን እውነተኛ የነዳጅ ፍጆታ በረጅም መንገድ ላይ እንዴት ይለካሉ?

ባህር ዳር ላይ ፒካፕ የሚገዛ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብሎ ነው። አንዱ ባለቤት 13 ይላል፤ በዚያችው ዓይነት መኪና የሚነዳ ሌላው 9 ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። አንዱ ከእንጅባራ ወደ ባህር ዳር ሲወርድ ለክቷል፣ ሌላው ሲወጣ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ደርሶ መልስ ያልተለካ፣ በአንድ ዓይነት አሞላል ያልተጀመረና ያልተጨረሰ ቁጥር ለግዢም ለጥገናም አይረባም።

ቀጥሎ ያለው አለካክ ለሃይሉክስ፣ ለዲማክስና ለሌሎቹም ባለ አራት ሲሊንደር ፒካፖች ይሠራል። ናፍጣም ሆነ ቤንዚን ልዩነት የለውም። የሚያስፈልገው ስልክ፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ፍጆታ የሚያሳይ ስክሪን ያላት መኪና ቢኖርዎትም ይለኩ። ስክሪኑ ነዳጁን የሚገምተው ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ክፍት ከሚሆንበት ጊዜ ተነሥቶ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከማደያው ቁጥር ጋር አይገጥምም።

መጀመሪያ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይፈትሹ

ቆጣሪው የሚቆጥረው የጎማውን ዙር እንጂ መንገዱን አይደለም። ፋብሪካው ያወጣት 265/65 ባለ 17 ጎማ ኖሮ 265/70 ባለ 17 ቢገጠምላት፣ የጎማው ቁመት ከ776 ሚሊ ሜትር ወደ 803 ገደማ ያድጋል። ይህም 3.4 በመቶ ነው። መኪናዋ 103 ኪሎ ሜትር ሄዳ ቆጣሪው 100 ብቻ ይጽፋል ማለት ነው።

ይህን ንቆ ማለፍ ዋጋ ያስከፍላል። የማውቀው አንድ ሹፌር «መኪናዬ ነዳጅ መብላት ጀመረች» ብሎ ኖዝሎቿን (ነዳጅ ረጪዎቿን) አስፈትቶ፣ የነዳጅ ፖምፓዋንም አስነክቶ ብዙ ብር አወጣ። ነገሩ የመጣው ግን ከጎማው ነበር። ወፈር ያለና ጥርሱ የጎላ ጎማ አስገጥሞ፣ ቆጣሪው ኪሎ ሜትር ያጎድልበታል፤ ጎማው ራሱም ስለከበደ በእርግጥ ትንሽ ነዳጅ ይጨምራል። ሁለቱ ተደምረው ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ አስመሰሉት። ስለዚህ ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ።

ለማረም ከሐሙሲት እስከ አዲስ ዘመን ያለውን የፎገራ ሜዳ ይጠቀሙ። መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ የስልኩ ጂፒኤስ ኩርባ አይቆርጥም። ቆጣሪው 50 ኪሎ ሜትር ሲል ስልኩ 51.5 ካለ፣ ከዚያ በኋላ የቆጣሪዎን ቁጥር ሁሉ በ1.03 ያባዛሉ።

የጎማውን ንፋስ ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትነሣ ያስለኩ። ትክክለኛው መጠን በሹፌሩ በር ጥግ ባለው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ጎሚስታው በዓይኑ አይቶ «በቂ ነው» ቢልዎት አይቀበሉ፤ የራስን መለኪያ ይዞ መሄድ የተሻለ ነው።

መንገዱን መምረጥ

ባህር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ። ሁለት ቶን የሚመዝን ፒካፕ ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ ከተለመደው የመንገድ ፍጆታው በተጨማሪ፣ ወደ አንድ ሊትር ናፍጣ ያቃጥላል። ሲመለስ አብዛኛው ይካካሳል። ርቀቱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና አንድ ሊትር ወዲህና ወዲያ ሲል ውጤቱን ያዛባዋል። መግቢያው ላይ ያነሣኋቸው ሁለቱ ሰዎች የተለያዩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

እኔ የምመርጠው ባህር ዳር–ጎንደር ደርሶ መልስ ነው። አንዱ ጉዞ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሜዳውም አቀበቱም ኩርባውም አለበት። በመሐል እስካለችው ወረታ ድረስ ብቻ ሄዶ መመለስ አይበቃም። አሞላል ላይ አንድ ሊትር ብትሳሳቱ፣ ለወረታው በሚሄደው 11 ሊትር ላይ 9 በመቶ ስሕተት ነው፤ ለጎንደሩ በሚሄደው 33 ሊትር ላይ ግን 3 በመቶ ብቻ። መነሻችሁን ከከተማው ግርግር ውጭ አድርጉ። ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻግሮ ከሚያገኘው ማደያ ቢሞላ፣ የባጃጁና የመብራቱ ፍጆታ ልኬቱ ውስጥ አይገባበትም።

በማለዳ ይውጡ። ቀን ቀን ከጣና ወደ የብሱ የሚነፍሰው ነፋስ ከረፋዱ በኋላ ይበረታል፤ ነፋስ ደግሞ እንደ ፒካፕ ባለ ሰፊ አካል ላይ ቀልድ አይደለም።

አሞላሉ፦ ሁሉም ነገር የሚበላሽበት ቦታ

ዘዴው ራሱ ቀላል ነው። ታንከሩን ይሞላሉ፣ ይነዳሉ፣ እንደገና ይሞላሉ፤ በሁለተኛው ጊዜ የገባው ሊትር ያቃጠሉት ነዳጅ ነው። ችግሩ «ሙሉ» የሚለው ሁለቱንም ጊዜ አንድ መሆን ያለበት መሆኑ ላይ ነው።

ናፍጣ ሲቀዳ ያረፋል። ቀጂው መቅጃውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሲለቀው አረፋው ወደ ላይ ይወጣና መቅጃው ጠቅ ብሎ ይቆማል፤ ታንከሩ ግን ገና አልሞላም። አረፋው ሲበርድ ሌላ ሊትር ወይም ሁለት ይገባል። በመጀመሪያው ቀን በዚህ ጠቅታ ቆመው፣ በመልሱ ሌላ ቀጂ መኪናዋን እየነቀነቀ እስከ አንገቷ ቢሞላልዎት፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ እንደተቃጠለ ይቆጠራል።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ለቀጂው አስቀድሜ «ቀስ ብለህ ቅዳልኝ፤ ሲቆም እንዳትጨምር» እለዋለሁ። የመጀመሪያው ጠቅታ ከተሰማ በኋላ አረፋው እስኪወርድ ሁለት ሦስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዚያ በዝግታ ይቀዳል፤ ሁለተኛው ጠቅታ ላይ ያበቃል። እስከ አፉ አላስሞላም፤ ነዳጅ ሲሞቅ ስለሚያብጥ በቀትር ፀሐይ ይፈስሳል።

ብሩን ሙሉ ለማድረግ ትንሽ ጨምር የሚሉ ቀጂዎች አሉ። በትሕትና እምቢ ይበሉ። ማሽኑ ከዜሮ መጀመሩን አይተው፣ ሲጨርስ ሊትሩን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ከከፈሉት ብር ተነሥቶ ሊትር ማስላት ስሕተት ይጨምራል።

ስትመለሱም እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን፣ እዚያው ቦታ ቁሙ። መሬቱ ትንሽ ዘንበል ካለ ታንከሩ ውስጥ የሚቀረው አየር ይለያያል። ጭነትም እንዲሁ ነው። ኋላዋ ላይ አሥር ኩንታል የጫነች ፒካፕ ወገቧ ስለሚወርድ አቋሟ ይቀየራል፤ ስለዚህ ሲሞሉ ጭነቱ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ይሁን።

ነዳጅ ጠፍቶ ማደያው በልክ ብቻ የሚሸጥበት ጊዜስ? መንገድ ላይ የገዙትን ሁሉ እየጻፉ ይደምሩ። በሙሉ ታንከር ጀምረው በሙሉ ታንከር እስከጨረሱ ድረስ መሐል ላይ አሥር ሊትር አሥር ሊትር እየቀዱ ቢሄዱም ስሌቱ አይበላሽም። በጀሪካን የተገዛ ነዳጅ ግን አይግባበት። 20 ሊትር የሚባለው ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ይበልጣል፤ ጎድሎ የሚሸጥም አለ፤ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም።

አነዳድ

በ80 ይንዱ። የአየር ግፊያ ከፍጥነት ጋር በካሬ ስለሚያድግ፣ ከ80 ወደ 100 ሲወጡ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። በባህር ዳር ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ግፊያው ይቀንሳል፤ ይህ ጥቅም ነው። ነገር ግን ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚጨምቅ መሣሪያ) የሌላት እንደ አሮጌዋ ባለ 3.0 ሃይሉክስ ያለች መኪና ለመቃጠያም የምታገኘው አየር በዚያው ልክ ይሳሳባታል። አቀበት ላይ ነዳጁን እስከ ታች ቢረግጡት ጥቁር ጭስ ከማውጣት በቀር አትፈጥንም። ማርሽ ይቀንሱላት።

ከፊት ጋሪ ወይም ከብት ሲያዩ ከሩቁ እግርዎን ያንሡ። ሁለት ቶን መኪና ከ80 ቆማ እንደገና 80 ለመድረስ ወደ 40 ሚሊ ሊትር ናፍጣ ትፈልጋለች፤ ከአንድ የቡና ሲኒ ትንሽ ያነሰ ነው። በየብሬከሩና በየኬላው ሲደማመር 25 ጊዜ መቆም አንድ ሊትር ይሆናል።

በፎሌ (ማርሹን ነፃ አድርጎ) ቁልቁለት መውረድን አጥብቄ እቃወማለሁ። ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው ስሕተት ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ሲነሣ ሞተሩ በጎማው ስለሚዞር ፖምፓው ነዳጅ ይዘጋል፤ ፎሌ ላይ ግን እንዳይጠፋ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እዚያ በፎሌ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያጋየዋል፤ የጋለ ፍሬን ሲረግጡት አይዝም። ነዳጅም ሕይወትም የሚተርፈው በከባድ ማርሽ ነው።

የኋላውን ስፖንዳ ዝግ አድርገው ይንዱ። ክፍት ሲሆን አየሩ በቀላሉ ያልፋል የሚባለው አይሠራም፤ ዝግ ሲሆን ነው ጭነቱ ቦታ ላይ የሚሽከረከር አየር ተይዞ ዋናው ነፋስ በላዩ የሚያልፈው። የሚርገበገብ ሸራ ግን ይጎዳል፤ ወይ ይወጥሩት ወይ ያንሡት። ፎር ባይ ፎሩን አስፋልት ላይ አያስገቡ።

ስሌቱ

ቆጣሪው 348 ኪሎ ሜትር አለ እንበል፤ ማረሚያዎ 1.034 ነው። እውነተኛው ርቀት 360 ገደማ ይሆናል። በመልሱ የገባው 32.7 ሊትር ከሆነ፣ 360 ሲካፈል ለ32.7 በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ሳያርሙ ቢያሰሉት 10.6 ያገኙ ነበር።

ብዙ ጉዞ ሲለኩ የየጉዞውን ውጤት ደምረው ለሁለት አያካፍሉ። በአንድ መንገድ ሲሄዱ 12፣ ሲመለሱ 8 ቢወጣ አማካዩ 10 አይደለም፤ 9.6 ነው። ኪሎ ሜትሩን ሁሉ ለብቻ፣ ሊትሩን ሁሉ ለብቻ ደምረው በመጨረሻ አንድ ጊዜ ያካፍሉ።

በ80 የተነዳች ጤነኛ የናፍጣ ፒካፕ ባለ 2.4 ወይም 3.0 ብትሆን አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ10 እስከ 13 ትሄዳለች፤ ባለ 2.7 ቤንዚኗ ዝቅ ትላለች። ከዚህ በብዙ ካነሰ በቅድሚያ የሚጎትት ፍሬን ይፈልጉ። ከጉዞ እንደቆሙ ወደ አራቱም የጎማ ቸርኬ ሳይነኩ እጅዎን ያስጠጉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ አልለቀቀም። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን ይዩ፤ በአቧራ መንገድ የምትመላለስ ከሆነ ቶሎ ይደፈናል። ኖዝልና ፖምፓ የሚነካው እነዚህ ሁሉ ታይተው፣ ልኬቱም ተደግሞ ያው ሲሆን ብቻ ነው።